ብስክሌቱ ምን ቀለም ይቀባ?

«እሺ፣ አንቺ ምን ቀለም ይሁን ትያለሽ?»

አምሳለች ጥያቄው ለእሷ መሆኑን መጀመሪያ አላመነችም። የጠየቃት ታናሽ ወንድሟ ከፋለ ነበር። ከፋለ ደግሞ ለዓመታት እሷን ጠየቀ ከተባለ «ውሃ አለ?» እና «ማን መጣ?» ብቻ ነው። እጇን በቀሚሷ ጠረገችና ወንድሟን አየችው። ቀጥላ ልጇን ቢሆነኝን አየችው። ሁለቱም አፍጥጠው ይጠብቃሉ። ከዚያ መልሱን እሱ ያቀብላት ይመስል በመካከላቸው መሬት ላይ የተጋደመውን ብስክሌት አየችው። ስለ ወጥ ጨው ካልሆነ በቀር በዚያ ቤት «ምን ትያለሽ?» ብሏት የሚያውቅ ሰው አልነበረም።

የመስከረም መጨረሻ እሑድ ነው። በወር እየከፈሉ እሷ ዘንድ የሚመገቡት መምህራንና የጤና ጣቢያው ድሬሰር ምሳቸውን በልተው ወጥተዋል፤ ጠረጴዛው ላይ ፍርፋሪው ገና አልተጠረገም። ብስክሌቱ የውድድር ብስክሌት ነው፤ ጎማው ቀጭን፣ መሪው እንደ በግ ቀንድ ወደ ታች የተጠማዘዘ። ከፋለ ክብር ዘበኛ ሳለ አዲስ አበባ ላይ ከአንድ ጣሊያን መካኒክ ገዝቶ ለክፍሉ የተወዳደረበት ነው። ከታኅሣሡ ግርግር በኋላ ታስሮ ተፈትቶ ወደ ቢቸና ሲመለስ ከዚህ ሌላ ይዞት የመጣ ንብረት አልነበረውም። ቤት እንደ ገባ ገለበጠና ሁለቱን ጎማዎች ከጣሪያው አግዳሚ ጋር በጠፍር አሰራቸው፤ ኮርቻው ወደ መሬት ተዘቅዝቆ ቀረ። ከዚያ ወዲህ ወርዶ አያውቅም። አምሳለች ለእንቁጣጣሽና ለፋሲካ በርጩማ ላይ ቆማ አቧራውን ትጠርግለታለች፤ በሌላው ጊዜ የነጭ ሽንኩርት ጉንጉን ትሰቅልበታለች። ከፋለ ወፍጮ ቤት ሞተር ጠባቂ ሆነ። ጠዋት ይወጣል፣ ማታ ዱቄት ለብሶ ይገባል፣ የቀረበለትን ይበላል፣ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ይተኛል። እሱ ስለዚያ ዘመን አያወራም፤ እሷም አትጠይቅም። እህትና ወንድም ሆነው በአንድ ጣሪያ ሥር፣ በአንድ ትሪ እየበሉ ይኖሩ ነበር።

ብስክሌቱን ከአግዳሚው ያወረደው መምህር ደሴ ነው ማለት ይቻላል። መምህር ደሴ ከወሎ ተመድቦ የመጣ የስፖርት አስተማሪ ነው፤ ማታ ማታ ደግሞ ለአዋቂዎች ፊደል ያስተምራል፤ አምሳለችም ከተማሪዎቹ አንዷ ናት። ለጥቅምቱ የዘውድ በዓል የሁለቱ አውራጃ ልጆች ከሞጣ እስከ ቢቸና በብስክሌት እንዲወዳደሩ ሐሳብ አቀረበ። ከአንድ እስከ ሦስት የወጡት ደብረ ማርቆስ ይሄዳሉ፤ እዚያ የቀናው ደግሞ ዓባይን ተሻግሮ አዲስ አበባ። ቢሆነኝ ይህን ከሰማ ማግስት ጀምሮ ከአጎቱ እግር ሥር አልተነሣም። ዐሥረኛ ክፍል ጨርሶ ማዘጋጃ ቤት በጊዜያዊ ጸሐፊነት የሚሠራ፣ እግሩ ረጅም፣ ምላሱም የማያጥር ልጅ ነው። ከፋለ ከአንድ ሳምንት በኋላ፣ ያችን እሑድ፣ ከጉርሻ ጉርሻ መካከል «አውርደው» አለ። በቃ። ሽንኩርቱን አንሥተው አወረዱት።

ጭቅጭቁ የመጣው ከቀለሙ ነው። የድሮው ቀለም ጥቁር ሰማያዊ ሲሆን ጎኑ ላይ የክፍሉ ምልክት አለበት። ይህ ቀለም መፋቅ እንዳለበት ሁለቱም ተስማሙ። አንድ ጊዜ አንድ የፖሊስ ሹም ምሳ ሊበላ ገብቶ ሽቅብ አየና «ይኼ የእነዚያ ብስክሌት ነው?» ብሎ ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ ከፋለ በገበያ መሐል አያልፍም፤ በጓሮ ዞሮ ነው ወፍጮ ቤት የሚሄደው።

«ጥቁር ይቀባ» አለ ከፋለ።

«ጥቁር! አጎቴ፣ ሬሳ ላጅብበት ነው? የሞጣ ልጆች ‹አስከሬኑ መጣ› ይሉኛል። ቀይ ነው! ከነጭ ጋር።»

«ቀይ ለሙሽራ በቅሎ ነው።»

«እንግዲያው በሚካኤል ምያለሁ፤ ጥቁር ከተቀባ አልወጣበትም!»

አምሳለች ጆሮዋ ቀጥ ያለው ያን ጊዜ ነው። ያላት ልጅ እሱ ብቻ ነው፤ አባቱ ከሞተ ጀምሮ ሌሊት ተነሥታ ትንፋሹን የምታዳምጥ እናት ናት። ውድድሩን ከሰማች ወዲህ ደብረ ማርቆስ የሚለውን ስም ስትሰማ ተነሥታ ወደ ጓዳ ትገባለች፤ የሄደ ልጅ በደብዳቤ ነው የሚመለሰው። አሁን ግን ልጇ በገዛ አፉ መዝጊያውን አቀበላት። ጥቁር ከተቀባ አይወጣበትም፤ ካልወጣበት አይሄድም።

ያን ጊዜ ነው ከፋለ ዞር ብሎ የጠየቃት። ብስክሌቱን ብቻ ስታይ ራሱ ፈረደ። «እኔ ባለቤቱ ነኝ፤ እሱ ነጂው ነው። እንዲህ ስንናቆር በዓሉ ያልፋል። ቀቢው ያለው ሞጣ ነው። ነገ በጭነት መኪናው ትሂድና እሷ ትምረጥ፤ እሷ የመረጠችውን ማንም አፉን አይከፍትበትም።» ቢሆነኝ እናቱን ጠቀሳት፤ ለሱ እንደምታደላ እርግጠኛ ነበር። ከፋለም እርግጠኛ ነበር፤ እህቱ ከነጠላ ጥለት በቀር ደማቅ ነገር ወድዳ አያውቅም። ሁለቱ ብስክሌቱን ፈቱት፤ ጎማው፣ መሪው፣ ኮርቻው፣ ካቴናው ሁሉ ወጣና አጥንቱ ብቻ ቀረ። ምሽቱን በብርጭቆ ወረቀት ሲፍቁት አመሹ። የድሮው ቀለም በሰማያዊ ዱቄት መሬት ላይ ሲረግፍ ከፋለ አንዴ ቆም ብሎ ጣቱን ነከረበትና በሱሪው ጠረገው። 

በማግስቱ ጠዋት አምሳለች አጥንቱን በአሮጌ አንሶላ ጠቅልላ ከኤንትሬው ጭነት መኪና ዘንድ ቆመች። ረዳቱ ከላይ ሆኖ «ይኼስ ስንት ሰው ነው?» አላት።

«ብረት ነው እንጂ ሰው አይደለም።»

«በግ ቢሆን ስሙኒ ይከፈልበታል። ብረት በግ ያህል ቦታ ይይዛል።»

«በግ እንደ ልቡ ይላወሳል፤ ይኼ ዝም ብሎ ነው የሚተኛው። እንዲያውም አንተ ልትከፍለው ይገባል!»

ጭነቱ ላይ የተቀመጡት ሳቁ፤ አምሳለች ራሷም ከአፏ በወጣው ነገር ደነገጠች። ስሙኒውን ሳትከፍል ወጣች። የጤፍ ከረጢት ላይ ተቀምጣ አጥንቱን እንደ ሕፃን ታቀፈችው። ከጎኗ የተቀመጡት ሽማግሌ የመቃብር መስቀል ነው ብለው አማተቡ፤ አንዲት ጠላ ሻጭ ደግሞ የሸማኔ ዕቃ ነው ብላ ተከራከረች። መኪናው ደብረ ወርቅን አልፎ ወደ ግንደወይን ሲቃረብ ክረምቱ የለቀቀው ምድር ተዘረጋ። አቀበቱ ሁሉ አደይ አበባ ለብሷል፤ አዲስ የተጠረገው መንገድ በመካከሉ ቀይ ሆኖ ይተጣጠፋል፤ ሰማዩ ታጥቦ የተሰጣ ይመስላል። አምሳለች ይህን መንገድ ለሠርግም ለለቅሶም ሄዳበታለች፤ ግን ሁልጊዜ ራሷን ተከናንባ ነው። ዛሬ «ጥቁር፣ ጥቁር» እያለች ቃሉን እንዳትረሳው በልቧ ስትደጋግም ዓይኗ አላርፍ አለ። ሞጣ መግቢያ ላይ የተተከለውን ሰሌዳ ደግሞ አነበበችው። ሁለት ፊደል ነው፤ «ሞ» አለች፣ «ጣ» አለች፣ ከዚያ ጮክ ብላ «ሞጣ!» ስትል ሽማግሌው «ታዲያ የት መስሎሽ ኖሯል፣ ልጄ?» አሏት።

ሞጣ የሚኖሩት የሟች ባሏ እኅት እትዬ ይርጋነሽ ናቸው። ግቢያቸው ውስጥ ከቤተ ክርስቲያን ጀርባ ያለች አንዲት ክፍል ለሠዓሊው ለአለቃ ፋንታ አከራይተዋል። አለቃ ፋንታ ለመቅደስ ሥዕል ይሥላሉ፤ ሥራ ሲጠፋ የጠጅ ቤት ሰሌዳና የሱቅ በርም ይቀባሉ። እትዬ ይርጋነሽ አምሳለችን ከነጥቅሏ ሲያዩ በሩ ላይ እጃቸውን ወገባቸው ላይ አደረጉ።

«እኔ ደግሞ ለልጅሽ ሙሽራ አዝለሽ የመጣሽ መስሎኝ በግ ላሳርድ ነበር! ብረት ነው?»

«ብስክሌት ነው፣ እትዬ። ላስቀባ ነው።»

«እንዲህ አድርጎ ብስክሌት አለ? ጎማውን ጅብ በላው? ግቢ፣ ግቢ! ሰው ሳያይሽ።»

የአለቃ ፋንታ ክፍል ጠባብ ናት፤ ግድግዳዋ በግማሽ የተሣለ ሸራ ተሸፍኗል፤ ፈረስ ያለ ጭራ፣ መልአክ ያለ ክንፍ፣ ሁሉም ተራውን ይጠብቃል። ወለሉ ላይ የቀለም ቆርቆሮዎች ተደርድረዋል፤ ክዳናቸው ላይ በውስጣቸው ያለው ቀለም በጣት ተቀብቷል። ነጭ ጋዝና የተልባ ዘይት ይሸታል። አለቃ ፋንታ አጥንቱን ተቀብለው አገላብጠው አዩት። ፂማቸው ላይ አረንጓዴ ጠብ ብሎበታል።

«በቅሎ ሥያለሁ፤ ግመል ሥያለሁ» አሉ። «የዚህ ግን አናቱ የትኛው ነው? ሽቅቡና ቁልቁሉ ካልታወቀ አልጀምርም።»

ይህን ጥያቄ አምሳለች መመለስ ትችላለች። ስንት ዓመት ሙሉ አቧራውን የጠረገችው እሷ አይደለችም? «ይስጡኝ፣ አለቃ» ብላ ተቀበለቻቸውና፣ ቤቷ እንደሚሰቀለው አድርጋ ከጣሪያው እንጨት ላይ በጨርቅ አንጠለጠለችው። «እንዲህ ነው። ይኼ ላዩ፣ ይኼ ታቹ።» እትዬ ይርጋነሽ እንኳ በአነጋገሯ ተደነቁ። አለቃ ፋንታ «ባለሙያ ሲናገር ደስ ይላል» ብለው እጅጌያቸውን ሰበሰቡ። «በይ እሺ፣ ምን ይሁን?»

አፏን ከፈተች። «ጥ...» አለችና ዋጠችው። «ያሉትን ልያቸው» አለች።

አለቃ ፋንታ ከእንደዚህ ያለ ጥያቄ የበለጠ የሚወዱት ነገር አልነበረም። ክዳኑን ሁሉ ከፈቱት። የተሰበረ ቅል አንሥተው በየተራ ጠብ ጠብ አደረጉላት። ቀዩ ገና ተወቅጦ የወጣ በርበሬ ነው። ቢጫው ማታ ስትገባ ልብሷ ላይ የምታገኘው የአደይ ዱቄት ነው። ሰማያዊው ግን ከፍቶ ታያት፤ ያ ቤቷ ሲረግፍ ያመሸው ቀለም ነው። «ይኼን አልፈልግም፤ ወንድሜን ያሳምመዋል» አለች ሳታስበው። አለቃ ፋንታ ነጭ ጨመሩበት፤ በዱላ አማሰሉት፤ ጨመሩበት። «አሁንስ?» «ትንሽ ይጨምሩ።» «አሁንስ?» «ዱላውን ይስጡኝ!» ብላ ራሷ ማማሰል ጀመረች። ነጠላዋ ከትከሻዋ ወረደ፤ አላነሣችውም። ቀለሙ እየፈዘዘ፣ እየጠራ፣ እየራቀ ሄዶ ድንገት ቆመ። ጠዋት በከረጢቱ ላይ ሆና ያየችው፣ ክረምት የለቀቀው ሰማይ ነበር።

«ይኼ ነው!» አለች ጮክ ብላ። «ሰማዩ ይኼ ነው። ከላይ ይኼ ይሁን። ከታች የመንገዱ አፈር፣ ቀይ ሆኖ ጥቂት ጠቆር ያለ። በመካከላቸው ደግሞ ቀጭን ቢጫ፤ አደይ።»

«አረንጓዴ ይግባበት እንጂ» አሉ እትዬ ይርጋነሽ። «ያለ አረንጓዴ ምን ያምራል?»

«አይገባም!»

«ነጭ ነጠብጣብስ?»

«አይሆንም አልኩ፣ እትዬ! ዶሮ ነው እንዴ?»

እትዬ ይርጋነሽ የወንድማቸውን ሚስት በሠርጓ ቀን ካገኟት ጀምሮ «አይሆንም» ስትል የሰሙት ያን ቀን ብቻ ነው። ይቆጣሉ ተብሎ ሲጠበቅ ሳቃቸው አመለጣቸው። አምሳለችም ሳቀች፤ እጇ እስከ ክርኗ ሰማይ ሆኗል። ከዚያ ግን ሳቋ መሐል ላይ የልጇ መሐላ ትዝ አላትና ዱላውን አስቀመጠች። ለምን እንደ መጣች ረስታው ነበር። ጥቁሩ ቆርቆሮ ጥግ ላይ ክዳኑ ተከፍቶ ቁጭ ብሏል። በእንዲህ ያለ ቀለም ቢሆነኝ ይወጣበታል፤ ይበርበታል። «አለቃ» አለች ድምጿ ቀንሶ፣ «ይተዉት። ጥቁር ይቀቡት።»

አለቃ ፋንታ ቡሩሹን ጥቁሩ ውስጥ ነከሩት፤ ቆርቆሮው ጠርዝ ላይ አንጠፈጠፉት፤ ወደ ብረቱ አስጠጉት። አምሳለች ክንዳቸውን ያዘች።

«አሁን ደግሞ ምን ሆንሽ?»

«ልጄ ይሄድብኛል፣ አለቃ። ካማረ ይወጣበታል፤ ከወጣበት ይሄዳል።»

«እኔ ቀለም እቀባለሁ እንጂ ልጅ አላስቀርም። ወስኚ፤ ቡሩሹ ይደርቅብኛል።»

 ልጇን በጥቁር ብስክሌት አጠገብ፣ ተኮራምቶ፣ ማዘጋጃ ቤቱ በር ላይ ቆሞ አየችው። ከዚያ ደግሞ፣ ልጇን ሳይሆን፣ ቀለሙን ብቻ አየችው፤ በቀዩ መንገድ ላይ ከሩቅ እየመጣ። ያንን ማየት ፈለገች። ለማንም ብላ አልነበረም፤ እሷ ራሷ ፈልጋው ነበር። እንዲህ ያለ መፈለግ ከመቼ ወዲህ እንደ ጠፋባት አታውቅም።

«ሰማዩን ይቀቡት» አለች።

«ሰማይ ከላይ፣ ምድር ከታች» አሉ አለቃ ፋንታ ጥቁሩን ቡሩሽ ወደ ጋዙ እየጨመሩ። «ይህስ ከጥንት የተሠራ ሥርዓት ነው፤ ማንም አይሳሳትበትም።»

እትዬ ይርጋነሽ ዘንድ አደረች። ቀለሙ እስኪደርቅ አጥንቱ ሞጣ ቀረ፤ እሷ ባዶ እጇን በኤንትሬው ተመለሰች። ቤት ስትገባ ሁለቱም በር ላይ ነበሩ። «ምን መረጥሽ፣ እማዬ?» «ሲመጣ ታየዋለህ።» «ቀይ አለበት?» «አለበት።» ከፋለ «ጥቁርስ?» አለ። «አንተም ሲመጣ ታየዋለህ» አለችው፤ ወንድሟ እንዲህ ሲጠብቅ አይታው ስለማታውቅ ነገሩን አስረዘመችበት። ምሳ የሚበሉት መምህራን ይወራረዱ ጀመር። መምህር ደሴ ማታ በትምህርት ክፍል «ቀለም» ብላ እንድትጽፍ ሰሌዳው ዘንድ ሲያወጣት ክፍሉ ሁሉ «የቱ ቀለም?» ብሎ ሳቀ። አምሳለች ጠመኔውን እንደ ቡሩሽ ይዛ፣ ከንፈሯን ነክሳ፣ ጻፈችው፤ ለአንዳቸውም አልነገረችም።

አጥንቱ በጥቅምት መካከል መጣ። ረዳቱ ራሱ ተሸክሞ ግቢ ድረስ አደረሰው፤ ስለ ስሙኒም አላነሣም። ከፋለ ግቢው መሐል ዕቃዎቹን ዘረጋና፣ እንደ መካኒክ ደንብ፣ መሪውን አስገብቶ ኮርቻውን አስገብቶ ብስክሌቱን በእነሱ ላይ ገልብጦ አቆመው፤ ጎማ የሚገባው፣ ካቴና የሚጠመደው እንደዚያ ሆኖ ነው። ሰማዩ ከላይ አበራ፤ ከሥሩ ቢጫው መስመር፣ ከሥሩ ቀዩ አፈር። ጎረቤት በአጥሩ ላይ ተደረደረ። ድሬሰሩ በፊሽካ አፏጨ። ቢሆነኝ እናቱን አንገቷን አቅፎ ሳማት፤ «ከቀይም በለጠ፣ እማዬ! በሚካኤል ከቀይም በለጠ!» ከፋለ እንኳ ካቴናውን እየዘረጋ ሁለት ጊዜ ቆም ብሎ አየው። አምሳለች እንደዚያ ቀን ኮርታ አታውቅም። ልጇ እንደሚሄድ ያወቀችውም ያን ጊዜ ነው፤ ሁለቱ ነገሮች ደረቷ ውስጥ ይገፋፉ ነበር።

«በሉ እሺ» አለ ከፋለ፤ የመጨረሻዋን ብሎን አጠበቀና ብስክሌቱን ይዞ ገለበጠው። በጎማዎቹ ቆመ።

 ምድር ከላይ ነበር። ኮርቻው ሥር ቀይ አፈር፣ ፔዳሉ አጠገብ ሰማይ። አምሳለች ጭንቅላቷን ወደ አንድ ጎን አዘነበለች፤ ቀጥላም ወደ ሌላው። ብስክሌት ቆሞ የሚሄደው በዚያ በኩል መሆኑን የማታውቅ አልነበረችም፤ መንገድ ላይ ስንቱን አይታለች። ቤቷ ያለው ግን እንዲህ ሆኖ አያውቅም። እጇን አፏ ላይ ጫነች።

«እማዬ» አለ ቢሆነኝ በቀስታ፤ «ተገልብጦ ነው የተቀባው።» በአጥሩ ላይ አንዱ ኩክ ብሎ ሲስቅ ፊቱ ተቀያየረ። «በዚህ አልወጣም! ሞጣ ሙሉ ይስቅብኛል። በዓሉ ደግሞ ደርሷል፤ መቼ ይቀየራል?» ብሎ ወደ ቤት ገባና በሩን ዘጋ። አምሳለች ባለችበት ቆማ ቀረች። አሁን አይወጣበትም፤ አይሄድም። ስትመኘው የነበረው ነገር ይኸው ሳትነካው መጣላት። ደስታውን ብትፈልገው አጣችው፤ የተዘጋውን በር ብቻ ነበር የምታየው።

ድምፅ የሰማችው ያን ጊዜ ነው። መጀመሪያ ሳል መሰላት። ከፋለ ብስክሌቱን ይዞ ትከሻው ይንቀጠቀጣል። «ከአግዳሚው...» አለ፤ መጨረስ አልቻለም። «ከአግዳሚው ላይ እንዳየሽው! እኔው ነኝ ገልብጬ የሰቀልኩት!» ቁጭ አለ፤ መሬት ላይ፣ በዘይቱና በብሎኑ መሐል፤ እንባው እስኪወርድ ሳቀ። ከክብር ዘበኛ ከተመለሰ ወዲህ ጥርሱን ያየው ሰው አልነበረም። አምሳለች መጀመሪያ አፈረች፤ ቀጥሎ ልትቆጣ ቃጣት፤ መጨረሻ ላይ ከጎኑ ተቀምጣ አብራው ሳቀች፤ ጎረቤቶችም አብረው ሳቁ።

ከዚያ ከፋለ ተነሣ፤ ሱሪውን ካልሲው ውስጥ ከተተና ወጣበት። ግቢውን አንድ ጊዜ ዞረ፤ በሩ ክፍት ነበርና ወጣ። ወደ ጓሮው መንገድ አልዞረም፤ ወደ ገበያው ነው የሄደው። አምሳለች ነጠላዋን እየጎተተች እስከ መንገዱ ተከተለችው፤ ሰማዩና ምድሩ ተቀላቅለው በሰው መሐል ጠፉ። ሲመለስ ላብ በላብ ነው፤ ዓይኖቹ የሌላ ሰው ናቸው።

«ማንም አላወቀውም» አላት ትንፋሽ እየቆረጠው። «ሹሙ እንኳ፤ ያ ሹም፤ ‹ይኼ ደግሞ ከየት መጣ?› ብሎ አጨብጭቦ አሳለፈኝ።» የተዘጋውን በር በመዳፉ መታው። «አንተ! ትወጣበታለህ ወይስ አትወጣም?»

«አልወጣም!» አለ ቢሆነኝ ከውስጥ።

«እንግዲያው እኔ እወጣበታለሁ።»

በዘውዱ በዓል ከቢቸና አገር ሰው ቤቱ የቀረ አልነበረም። መንገዱን አቋርጦ ገመድ ተዘርግቷል፤ ሹማምንቱ በድንኳን ጥላ ሥር ተቀምጠዋል፤ መምህር ደሴ በእጁ ፊሽካ ይዞ ወዲያ ወዲህ ይላል። አምሳለች መጀመሪያ ከሴቶቹ ጋር ቆማ ነበር፤ ኋላ አላስችል ሲላት ከቢሆነኝ ጋር ጉብታው ላይ ወጣች። ልጇ ካኮረፈ ሰንብቷል፤ እንዲያም ሆኖ ዓይኑን ከመንገዱ አልነቀለም። አቧራ ተነሣ። አንድ ብስክሌት ወጣ፤ የሞጣ ልጅ ነው። ሌላ ወጣ፤ እሱም የሞጣ ነው። ሰዉ አጉረመረመ። ከዚያ ከመታጠፊያው፣ ከቀዩ መንገድ ውስጥ፣ ሰማይ ከመሬት ተጠግቶ ሲበር መጣ፤ ነጂው አጎንብሶ፣ አንገቱን መሪው ላይ ጥሎ፣ ከእሱ በዕድሜ ግማሽ የሚሆኑትን እየጎተተ።

«እማዬ!» ጮኸ ቢሆነኝ፤ «እማዬ፣ አጎቴ ነው! በርታ! በርታ አጎቴ!» እጇን ጨብጦ ዘለለ። አምሳለች እልልታዋን ለቀቀችው፤ ሴቶቹ ከታች ተቀበሏት፤ ሕዝቡ «የተገለበጠው! የተገለበጠው መጣ!» እያለ ገመዱን ሊበጥሰው ደረሰ። ከፋለ ሦስተኛ ወጣ።

ማታ እግሩን አጠበችው፤ ወጥ አቀረበችለት፤ እህል ሳይቀምስ እያወራ አመሸ። ስለ ግንደወይን ቁልቁለት፣ ስለ ድሮ ውድድር፣ ስለ ሞቱት ጓደኞቹ ስማቸውን እየጠራ አወራ፤ አምሳለች በርጩማዋ ላይ ተቀምጣ ሁሉንም ሰማች። ሳምንት ሳይሞላ ደብረ ማርቆስ ሄደ። እዚያ አልቀናውም፤ የዕድሜ እኩዮቹ ከተመልካቹ ወገን ነበሩ። ግን ወደ ኋላ አልተመለሰም፤ ብስክሌቱን እየነዳ ደጀን ወረደ፣ የዓባይን ድልድይ ተሻገረ፣ አዲስ አበባ ገብቶ የብስክሌት ጥገና ቤት ውስጥ ሥራ ያዘ። መምጣቱ ለፋሲካ ተጠበቀ፤ ለመስቀልም ተጠበቀ፤ አልመጣም።

ቢሆነኝ ቀረ። የአጎቱን የወፍጮ ሥራ ያዘ፤ ሚስት አገባ፤ ማታ ዱቄት ለብሶ እየሳቀ ይገባል። እናቱ እንዳይሄድባት ስንት ሌሊት ትንፋሹን ያዳመጠችለት እሱ ነበር። የሄደው ከፋለ ነው፤ ለከፋለ አንድም ቀን ፈርታለት አታውቅም።